ክታብ ይዤ ወደ ፊንስበሪ ፓርክ

ሐሙስ፣ ቦሌ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ሐሙስ ማታ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ አምስት ኪሎ በርበሬ፣ ሦስት ኪሎ ሽሮና አንድ ፌስታል ቆሎ ነበር። ይህንን ግን ወደ ለንደን የሚሄድ ሐበሻ ሁሉ ይይዛል። እኔን በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ከነጉልበቴ ሕመም፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አስፈቅዶ ያስኬደኝ በሸሚዜ ኪስ የያዝኩት ነገር ነው፤ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ፣ ቆዳው የደረቀ አሮጌ ክታብ።

ክታቡ የአክስቴ የእትዬ ውብነሽ ነው። እትዬ ውብነሽ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታቸው አንድ፣ አባታቸው የተለያየ። የተወለዱት ፋሺስት ጣልያን ከአገራችን ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። አባታቸው ካሚዮን ነጂ ጣልያናዊ እንደነበረ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ያለፈውን የሚያውቅ የለም፤ አያቴ ዘነበች ስሙን እንኳ ሳይናገሩ ነው ያለፉት። አባት ሲጠፋ እንደሚደረገው፣ የአያቴ አባት አቶ ደስታ ለልጅቱ ስማቸውን ሰጧት። ስለዚህ እናት ዘነበች ደስታ፣ ልጅ ውብነሽ ደስታ ሆኑና ወረቀት ላይ እህትማማች መሰሉ። እትዬ ውብነሽ በደርግ ጊዜ ተሰደው ለንደን ሲገቡ ይህንኑ ለኢሚግሬሽኑ ሰው ለማስረዳት ግማሽ ቀን እንደፈጀባቸው እየሳቁ ያወራሉ። ስለ አባታቸው ሲጠየቁ ግን ሳቁ ይቆማል። «ክዶኛል» ብለው ወሬውን ይዘጉታል።

ክታቡን ልጅ ሳሉ አንገታቸው ላይ ያደርጉት ነበር። ካደጉ በኋላ አያቴ ሳጥን ውስጥ ከተቱትና «የትልቅ ደብተራ ሥራ ነው፤ ማንም እንዳይፈታው» ብለው አስጠነቀቁ። ማንም አልፈታውም። ክታብ ከተፈታ ጥበቃው ይቀራል ይባላል፤ ደፋር የሚባለው አጎቴም ቢሆን አልሞከረውም። አምና የአራዳው ቤታችን ለልማት ሲፈርስ እናቴ ሳጥኑን ይዛ ወደ ኮንዶሚኒየም ገባች፤ በዚያ ግርግር የክታቡ ስፌት ተተረተረ። በቀዳዳው አጮልቃ ብታይ ብራናም ግዕዝም የለም። የታጠፈ ወረቀት ነው፤ ጽሑፉም የፈረንጅ።

«እንዳትከፍተው» አለችኝ እናቴ። «የሷ ነው። በእጇ አድርሰህ ና። ያ ሰውዬ ምን እንዳላት ሳታውቅ መሞት የለባትም።»

አልዋሽም፣ ፈተና ነበር። ዛሬ ስልክ እንኳ የማያውቀው ቋንቋ የለም፤ አንድ ፎቶ ቢነሳ ይበቃ ነበር። አላደረግሁትም። ቦሌ ላይ ፈታሹ ከኪሴ አውጥቶ «ምንድን ነው?» አለኝ። «ክታብ።» «የእርስዎ?» «የአክስቴ» ስለው እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰብስቦ «ይለፉ፣ ይለፉ» አለ። እንዲህ በፍጥነት አልፌ አላውቅም።

ዓርብ፣ ከሂትሮው ወደ ፊንስበሪ ፓርክ

ሂትሮው በማለዳ ደርሼ ሦስት ሰዓት ያህል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ውብነሽ ካልተቀበልኩህ ብለው ነበር። በአረጋውያን ባስ ፓሳቸው በነጻ የሚጓዙት ግን ሥራ ቀን ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ቀድመው ከቤት ቢወጡ ሊከፍሉ ነው። «መንግሥት የሰጠኝን አልተውም» አሉኝ አቅፈው ሲስሙኝ። ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። ቀይ ኮፍያ አድርገዋል፤ ሻንጣዬንም ሊቀሙኝ ታገሉ።

ፒካዲሊ የሚባለው ባቡር ሳያስቀይር ፊንስበሪ ፓርክ ያደርሳል። የኔ ካርድ ስድስት ፓውንድ ገደማ ቆረጠ፤ የሳቸው ምንም። ከጣቢያው ስንወጣ አውቶቡሱ፣ ፍራፍሬ ሻጩ፣ የአልጄሪያው ሥጋ ቤት፣ የሶማሌው ሻይ ቤት፣ ሁሉም እላያችን ላይ መጣብን። ፍላታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። «ሊፍቱ ከተበላሸ ሳምንቱ፤ ለካውንስሉ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ሪፖርት አድርጌአለሁ» ብለው ደረጃውን ቀድመውኝ ወጡ። እኔ ጉልበቴን ይዤ ተከተልኩ።

በራቸው ላይ አንድ ሽማግሌ በከዘራ ተደግፈው ይጠብቁናል። ጎረቤታቸው ሚስተር ብሩኖ ናቸው፤ ታሪካቸው በስልክ ደርሶኝ ነበር፤ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፣ የጣልያን አገር አይሁዳዊ ናቸው፣ የወንድ ልብስ ሲሰፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሁለቱ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚጣሉትም በፓስታ። «አክስትህ ፓስታን እንደ ገንፎ ነው የምታበስለው» አሉኝ እጄን እየጨበጡ። «እሳቸው ደግሞ ጥሬውን ነው የሚበሉት» አሉ እትዬ።

ሚስተር ብሩኖ ሲሄዱ ክታቡን አውጥቼ ለእትዬ ሰጠኋቸው። እትዬ አገላብጠው አዩት፤ አውራ ጣታቸውን በተተረተረው ስፌት ላይ አሳለፉና መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

«አንተው ጋ ይቆይ።»

«እትዬ፣ አይከፍቱትም?»

«እንግዳ መጀመሪያ ይበላል፤ ከዚያ አገር ያያል። ወረቀት እግር የለው፣ የት ይሄዳል?»

«ጣልያንኛ የሚያነብ ሰው እኮ በር ለበር አለልዎ።»

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራኝ» አሉና ሽሮ ሊሠሩ ተነሱ።

ቅዳሜ፣ ብሪክስተን

ብሪክስተን በምድር ውስጥ ባቡር ቅርብ ነው። እትዬ ግን «ከመሬት በታች ምን ይታያል?» ብለው በአውቶቡስ ወሰዱኝ። ሒሳቡ አንድ ፓውንድ ከሰባ አምስት ነው። የላይኛው ፎቅ ላይ ወጥተው ከሁሉ ፊት ካለው ወንበር ቁጭ አሉ። ተይዞ ከነበረ ደግሞ እስኪለቀቅ አጠገቡ ይቆማሉ። አንድ ጎረምሳ አፍሮ ተነሳላቸው።

«ለምን የግድ ከፊት?» አልኳቸው።

«እናቴ በጣልያን ጊዜ ነጭ ባለበት አውቶቡስ አትገባም ነበር። ለነጭ ሌላ፣ ለጥቁር ሌላ። ሲኒማውም እንደዚያው፣ ሰፈሩም እንደዚያው። እኔ እዚህ አገር ስመጣ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ የሷንም የኔንም እቀመጣለሁ።» ከዚያ ወደ መንገዱ እያዩ «ደግሞ ከዚህ ሁሉ ነገር ይታያል» አሉ።

የብሪክስተን ገበያ ለመርካቶ ሰው እንግዳ አይደለም። ቦዬ የሚያክል ስር፣ የማላውቀው ዓሣ፣ ከጃማይካ የመጣ ሚጥሚጣ፣ ከየሱቁ የሚደበላለቅ ሙዚቃ። እትዬ አንድ ጨርቅ ሻጭ ዘንድ ቆሙ፤ ዋጋ ጠየቁ፤ ግማሹን ሰጡ። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። እትዬ እንደ አገራቸው ጥለው ሄዱ፤ ተጠርተው ሊመለሱ። ሃያ እርምጃ ያህል በዝግታ ተራመዱ፤ የጠራቸው የለም። «አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጠርተውኝ አያውቁም» አሉና ተመልሰው በሙሉ ዋጋው ገዙ።

አጋጣሚውን ስላገኘሁ የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ መርካቶ ራሱ እንዴት እንደተቆረቆረ ነገርኳቸው። ገበያው ቀድሞ አራዳ ነበር። ፋሺስቶቹ መሐል ከተማውን ለነጭ ለይተው አገሬውን ከነገበያው ወደ ምዕራብ ገፉት። ጥቁርና ነጭ አንድ መንገድ ላይ እንዳይጋፉ ከተማ በማስመሪያ ተከፈለ። «አውቃለሁ» አሉኝ። «ቅድመ አያትህ ደስታ ሱቃቸውን በሦስት ቀን ነቅለዋል። መርካቶ ግን ጉድ አደረጋቸው። ሊለያዩን በሠሩት ገበያ የስንቱ አገር ሰው ተቀላቀለበት።»

ሰኞ፣ ፓርክ ሮያል

እሁድ እትዬ ቤተ ክርስቲያን ስመው ዋሉ፤ እኔ ተኛሁ። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን አነሳሁባቸው። «ዛሬ ፓርክ ሮያልን ሳታይ አይሆንም» አሉ። ፓርክ ሮያልን ለማየት ወደ ለንደን የመጣ ቱሪስት እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። መጋዘን፣ ከመጋዘን ቀጥሎ መጋዘን፣ ወደ ኋላ እየሄደ የሚጮህ የጭነት መኪና። አየሩ ግን ዳቦ ዳቦ ይላል፤ እግረ መንገዱንም ቅመም ይሸታል።

እትዬ እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ሳንድዊች ሠርተዋል። አንድ ግራጫ በር ፊት ቆመው እንደ ቤተ መንግሥት አስጎበኙኝ። «እዚያ ጋ ሳንድዊቹ የሚያልፍበት ላይን ነበር። እኔ ቲማቲም አደርጋለሁ፤ ከጎኔ የፖላንዷ አይብ፣ ከዚያ የጋናዋ፣ ከዚያ የጉጅራቷ ሕንዳዊት። ሁላችንም ነጭ ካፖርትና የፀጉር መረብ ነን፤ በዓይናችን ብቻ ነው የምንተዋወቀው።» ከበሩ የወጣ ጥበቃ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀን። «የቀድሞ ሥራዬን ቼክ እያደረግሁ ነው» አሉት። ሳቀና ወንበር አመጣላቸው።

ምሳ የሾፌሮች ምግብ ቤት በላን፤ ሩዝና ምስር፣ ለሁለት የሚበቃ ሳህን። እዚያ ነው ነገሩን ያወጡት።

«ሰሎሞን፣ እኔ ወረቀቱን የማልፈልገው እንዳይመስልህ። አልፈለገኝም ብዬ ተናድጄ ነው የኖርኩት። ንዴቱን ለምጄዋለሁ፤ እንደ ድሮ ጫማ እግሬን ያውቀዋል። ከዚህ የባሰ ነገር ቢኖርበትስ? ልጅቷ የኔ አይደለችም ብሎ የፈረመበት ቢሆንስ? በዚህ ዕድሜ አዲስ ንዴት ከየት አመጣለሁ?»

 ስለ ነፋስና ስለ ውቅያኖስ ሞገድ ቢጠይቁኝ እንጂ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የጂኦግራፊ መምህር አይጠቅምም።

ማክሰኞ፣ ኬብል ስትሪት

ሚስተር ብሩኖ «እንግዳችሁን አንድ ግድግዳ ላሳየው» ብለው ሦስታችን ወጣን። አንድ ፌርማታ በምድር ውስጥ፣ ከዚያ ከላይ በሚሄደው ባቡር እስከ ሻድዌል። በምሥራቅ ለንደን ያለው ኬብል ስትሪት ጸጥ ያለ መንገድ ነው። አንድ አሮጌ ሕንፃ ግድግዳው ሙሉ በሥዕል ተሸፍኗል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የእንግሊዝ አገር ፋሺስቶች ጥቁር ሸሚዛቸውን ለብሰው በአይሁዶች ሰፈር ሰልፍ ሊያደርጉ ተነሱ፤ ፖሊስ መንገድ ሊጠርግላቸው መጣ። የሰፈሩ ሰው፣ አይሁዳዊው፣ የወደቡ አየርላንዳዊ ሠራተኛ፣ ሌላውም፣ መንገዱን ዘግቶ አላሳልፍ አለ። ሥዕሉ ያን ቀን ነው፤ ፈረስ፣ ዱላ፣ የሚበር ወረቀት፣ የሚበር ጠርሙስ።

እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው በሥዕሉ ላይ ከፍ ብሎ ወዳለው መስኮት ጠቆሙ። «ያቺ ሴትዮ የምትደፋው ምንድን ነው? ፖፖ ነው?»

«ፖፖ ነው» አሉ ሚስተር ብሩኖ በኩራት።

እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይሄ ነው ያማረኝ። ለዚህ ለዚህማ እኛም ፖፖ ነበረን።»

ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ተቀምጠን ቆሎ ስንቆረጥም ሚስተር ብሩኖ የራሳቸውን ነገሩን። በአገራቸው ሁለተኛ ክፍል ሊገቡ እናታቸው የተማሪ አዲስ ጥቁር ሽርጥ ሰፍተውላቸዋል። በር ላይ ሲደርሱ መምህርቷ ስማቸውን ከዝርዝር ሰርዛለች። በዚያው ሰሞን አባታቸው ከሥራ ተባረሩ። «በአዲስ አበባ ጥቁሩን ከነጭ የለየው ወረቀት» አሉ «ወደ አገሩ ሲመለስ እኔን ከክፍል አስወጣኝ። አንዴ ሰውን በደሙ መደርደር ከጀመርህ ተራው ወዳንተ ሳይደርስ አይቆምም።» ከዚያም ጦርነቱ መጣ፤ አያታቸውንና አክስታቸውን በባቡር ወሰዷቸው። አልተመለሱም።

እትዬ ቆሎውን ተዉት። ሚስተር ብሩኖ ወደሳቸው ዞሩ። «ውብነሽ፣ ከአክስቴ አንድ መስመር ጽሑፍ አልቀረልኝም። ስድብ ጽፋልኝ እንኳ ቢሆን አነበው ነበር።»

በባቡሩ ስንመለስ እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ባቡር የምንቀይርበት ሃይበሪ ጣቢያ ልንደርስ ስንል «ነገ ከምሳ በፊት ይነበብልኝ» አሉ። «ከምሳ በኋላ እንቅልፌ ይመጣል።»

ረቡዕ፣ አራተኛ ፎቅ

ጠረጴዛውን ጠረጉ፤ ነጭ ጨርቅ አነጠፉ። አማትበው በጥፍር መቁረጫ መቀስ ስፌቱን አንድ በአንድ በጠሱት። እኔ ልርዳ ብል እጄን መቱኝ። ወረቀቱ ስምንት ቦታ ታጥፏል፤ ጠርዙ ቢበላም ቀለሙ ደህና ነው። ሚስተር ብሩኖ ማጉያ መስታወታቸውን አወጡና መጀመሪያ ለራሳቸው አነበቡ። ፊታቸው ምንም አልነገረንም። እንደ እውነቱ ከሆነ በጣም ፈርቼ ነበር።

«ማመልከቻ ነው» አሉ። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። «እኔ የጭነት መኪና ነጂ ጁሴፔ፣ ከዘነበች ደስታ የተወለደችውን ሴት ልጅ ልጄ መሆኗን አውቄ፣ ስሜን እንድትይዝ ይፈቀድልኝ ዘንድ አመለክታለሁ።»

እትዬ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።

«ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ መልስ አለ» አሉ ሚስተር ብሩኖ። «ሕጉ አይፈቅድም። አመልካቹ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን በገዛ ቃሉ ስላመነ በሦስት ቀን ውስጥ ለፖሊስ ይቅረብ።»

ያኔ ነጭ ከጥቁር ሴት ጋር ትዳር መሥርቶ ቢገኝ የሚታሰርበት ሕግ ነበር፤ የክልስ ልጅ አባት ነኝ ማለትም ተከልክሎ ነበር። ሰውየው ስሜን ልስጣት ብሎ የጻፈው ወረቀት የእምነት ቃሉ ሆኖ ተያዘበት። ቀርቦ ይሁን፣ ታስሮ ይሁን፣ ወደ ጦርነቱ ተልኮ ይሁን፣ ወረቀቱ አይናገርም። የምናውቀው ከመጥፋቱ በፊት ወረቀቱን ለአያቴ እንደሰጣቸው ብቻ ነው።

«ይድገሙልኝ» አሉ እትዬ። ሚስተር ብሩኖ ደገሙ። «አሁንም።» ሦስተኛ ጊዜ አነበቡላቸው። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡትና ቆም አሉ። «ይሄ የኔ ፊደል አይደለም። አንቺ አንብቢው።»

ጀርባው ላይ፣ በማመልከቻው ቀለም፣ ገና ፊደል እንደሚማር ልጅ በተወላገደ እጅ፣ በአማርኛ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል። እትዬ በጣታቸው እየተከተሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «ውብነሽ።»

አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ሚስተር ብሩኖም መነጽራቸውን ጠረጉ። ሦስታችንን ያየ ሰው ሞቶብን ሊመስለው ይችል ነበር። ቀድመው የሳቁት እትዬ ናቸው። «ሰማንያ ዓመት ሙሉ የተናደድኩት በተሳሳተ ሰው ነው» አሉ። «አሁን በማን ልናደድ?»

«ከሥሩ በጻፈው ጸሐፊ ጀምሪ» አሉ ሚስተር ብሩኖ። «እኔም አግዝሻለሁ።»

ምሳውን እሳቸው አበሰሉ። ፓስታው እንደ ልማዳቸው ከጥሬ ትንሽ የተሻለ ነበር። እትዬ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ጨርሰው በሉት፤ ምን ያህል ልባቸው እንደተነካ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

ቦሌ ስደርስ ዝናብ ይጥላል። ታክሲው የተቆፋፈረውን መንገድ ዞሮ ዞሮ እናቴ ኮንዶሚኒየም አደረሰኝ። ሻንጣ ሳላወርድ «ምን ይላል?» አለችኝ። የወረቀቱን ፎቶ ከስልኬ አወጣሁና ነገርኳት። ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን አጉልታ አየችው።

«እማዬ ታውቅ ነበር ማለት ነው» አለች በመጨረሻ። «እንዴት ትናገረው? አጎቷን በየካቲቱ ፍጅት ገድለውባታል። በዚያ ሰፈር አንድ ጣልያን ደህና ነበር ብትል ማን ይሰማታል? ወረቀቱ ያኔ ቢገኝባት ደግሞ እሷንም እሱንም ያሳስራል። ክታብ ግን ማንም አይፈታም።»

ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ዘረኝነትን እንደ ንግግርና እንደ ሰልፍ ነበር የማስበው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ሥራውን በአብዛኛው የሚሠራው በቅጽ፣ በማኅተምና በወንበር ድልድል መሆኑን ነው። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ መታወቂያ ላይ ብሔር ስንጽፍ የነበርን ሰዎች ነን፤ ትምህርቱን ለፈረንጅ ብቻ የምተወው አይደለም። ሌላው ትምህርት ከሰማንያ አምስት ዓመት ሴት ጋር ደረጃ በመውጣት አለመወዳደር ነው።

ማታ እትዬ ራሳቸው ደወሉ። እናቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በደህና መግባቴን ጠየቁ፤ ሊፍቱ መሠራቱን ነገሩን። 

«ጥሩወርቅ» አሏት እናቴን፤ «አንቺ ስላልተወለድሽ አታውቂም። የሰፈር ልጆች ‹አባትሽ ጥሎሽ ሄደ› እያሉ ድንጋይ ይዘው ሲያሯሩጡኝ፣ ይጠብቀኛል ብዬ ክታቡን በእጄ ጨብጬው ነበር የምሮጠው።»